ሆን ብዬ የሳትኩት ዳዊት

ጣሊያን ዲላ ከመግባቱ በፊት የየኔታ ተማሪ ቤት ከሩቅ ይሰማ ነበር። ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ ግን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ትምህርት፣ ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንጮሃለን። ዳዊት የደረስነው ትልልቆቹ ጠዋት ለትንንሾቹ ፊደል እናስቆጥርና ወደ መጽሐፋችን እንመለሳለን። የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ዳዊቱን በቃላቸው ያውቁታል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንድ ቃል የዘለለ ልጅ አያመልጣቸውም። «አንተ ከግድግዳው ሥር ያለኸው፣ ተመለስ» ይላሉ። ለአንዲት የተዋጠች ፊደል ሙሉ መዝሙር ያስደግማሉ። እኔም እንደ ሌላው ተማሪ በሆዴ ረግሜያቸዋለሁ።

ሴት ልጅ ዳዊት መድረሷ ለሰው መሳቂያ ነበር። አባቴ ግን ወንድ ልጅ የለውም፤ «ሳቁን ለእነሱ ተዪው» ብሎ ላከኝ።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። ገባሩ ከጫንቃው ሸክም ወረደለት፤ ይህ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እኛ ከሰሜን የመጣነው ሰፋሪዎች ግን ጥላችንን መፍራት ጀመርን። አንዳንዱ ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ጠፋ። የቀረው ልጁን በመንገዱ ዳር ወደተከፈተው የጣሊያን ትምህርት ቤት ላከ። እዚያ ዳቦ አለ፣ ከመጠርጠርም ያድናል። አልፈርድባቸውም። ብቻ እኛ የምንቀመጥባቸው ድንጋዮች ባዶ እየሆኑ ሄዱና አንድ ቀን እኔና የኔታ ብቻችንን ቀረን።

የኔታ የሚበሉት በተማሪዎቻቸው ቤት በተራ ነበር። አሁን ያለው ተራ የእኛ ብቻ ሆነ። አባቴ ከጓሯችን ባለችው ጎጆ አስገባቸው፤ እናቴም ከምንበላው ቆጮ ታቀርብላቸዋለች። ትምህርታችንም እዚያው እንሰቱ መሃል ሆነ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። አንድ ቀን ለእናቴ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

«ተማሪ እስካለኝ የምበላው የድካሜ ነው። ይቺ ልጅ ዳዊቷን ስትጨርስ ግን እሄዳለሁ። ተማሪ የሌለው የኔታ ለማኝ ነው፤ ልመናን ደግሞ በልጅነቴ፣ በተማሪነቴ ጨርሻታለሁ።»

እኔ ደግሞ ልጨርስ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሳት ጀመርኩ። ቃል እውጣለሁ፣ መስመር እዘላለሁ፣ ትናንት ያንበለበልኩትን ዛሬ እንደ አዲስ እደነባበርበታለሁ። የኔታም የወትሮ ቁጣቸውን ትተው ቀስ ብለው «ተመለሺ» ይላሉ። እመለሳለሁ። ምን ነካቸው ብዬ አልጠየቅኩም። ያ ክረምት እንዲህ አለፈ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ትምህርት የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ቤታችን መጣ። የአባቴ የቀድሞ ወዳጅ ነው፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። በራፉ ላይ ቆሞ «ለእነሱ ካህን ሁሉ የአርበኛ ሰላይ ነው፤ አንተ ደግሞ አንዱን ቤትህ አስጠልለሃል ይባላል። ሳይጠይቁህ በፊት አንድ ነገር አድርግ» አለውና ቡናም ሳይቀምስ ሄደ።  የየኔታ ጆሮ ግን ከጓሮ እስከ በራፉ ይደርስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቴንና እናቴን አስጠሩ።

«ልጃችሁ ዳዊቷን ጨርሳለች» አሉ።

«የኔታ፣ ገና ነኝ እኮ፤ ያላየሁት ገጽ አለ» አልኩ።

«እኔ ጨርሰሻል ካልኩ ጨርሰሻል። ምስጢሩን ይግለጽልሽ።»

ለአንዲት ፊደል የማይራሩት ሰው ናቸው ይህን የሚሉት። በደጉ ጊዜ ቢሆን ዳዊት ለጨረሰ ልጅ በግ ይታረዳል፣ የኔታም አዲስ ጋቢ ይለብሳሉ። እናቴ ስንቅ ለመቋጠር ስትነሳ አባቴ አንገቱን ደፋ፤ ይቆዩ አላለም። ይርጋጨፌ የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ነገሩን። እስከ መንገዱ እጃቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። ሲለዩኝ ጎንበስ ብለው፦

«ውሃ ስትቀጂ የምትደግሚውን እሰማ ነበር፤ አንዲት ቃል ስተሽ አታውቂም። እኔም ቆጮው ጣፍጦኝ ዝም አልኩ» አሉኝ። ሳቅ ለማለት ሞከሩ። 

ከወራት በኋላ ከይርጋጨፌ ወዲያ ወዳለው የገደብ ገበያ የምትመላለስ ቅቤ ነጋዴ ቤታችን አረፈች። ከእናቴ ጋር ስለ ገበያው ሲያወሩ፣ ከገበያው ዳር የሚቀመጥ አንድ ዓይነ ስውር ቄስ አነሳች። የኔታን አታውቃቸውም፤ እንዲሁ ወሬ ነበር።

«ዳዊት ይደግማል» አለች። «ድምፁ ያምራል። ግን እጁን መዘርጋት ያፍራል መሰለኝ፣ ነጠላው ሥር ደብቆ ነው የሚዘረጋው። ሰው ታዲያ ሳያየው ያልፋል።»

አባቴ ሰምቶ ተነስቶ ወጣ። ሊያመጣቸው ቢሄድ ወዴት ያመጣቸዋል? እኔ ጓሮ ገብቼ በባዶዋ ጎጆ አለቀስኩ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል አባቴ ሲሞትም አላለቀስኩም።