ከመጋጠሚያው ብረት ወዲህ

ሽማግሌው ከቀትር በኋላ በትልቁ ወንዝ ላይ ወዳለው አምፔራ ድልድይ ይመጣሉ። ጥቁር ቆብ ይደፋሉ፤ ሸሚዛቸው በሙቀትም ቢሆን እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነው። የድልድዩ መሃል ከቀሪው ጋር የሚጋጠምበት ብረት ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ያ መሃል ድሮ መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ ይነሣ ነበር። ሰዉም ጥሩምባ ሲሰማ ከብረቱ ወዲህ ቆሞ ይጠብቃል። አሁን ጥሩምባ ሰምተው የሚቆሙት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው አላፊ አግዳሚውንም ይከለክላሉ።

«አባባ፣ ድልድዩ እኮ ከእርስዎ በፊት ጡረታ ወጥቷል» ይሏቸዋል ሞተረኞቹ።

እዚያው ከዓሣና ከዱቄት የሚሠራውን ፔምፔክ እየጠበሰች የምትሸጠው ሮጋያ ስቃባቸው አታውቅም። ልጃቸው የሄደበት መርከብ ምሰሶው ረጅም እንደነበር፣ ድልድዩ ተነሥቶለት ወደ ባሕር እንደወጣ አንድ ቀን ነግረዋታል። የልጁን ስም ግን አልነገሯትም፤ የራሳቸውንም።

ዛሬ የድንጋይ ከሰል የጫነ ጀልባ ከሥር አለፈ። እጃቸውን አወረዱ።

«ይኼ አጭር ነው» አሉ።

ሮጋያ አላስቻላትም። «አባባ፣ ድልድዩን የሚያነሡትን ብረቶች እኮ ከድልድዩ ማማ አውርደው ወስደዋቸዋል። ከእንግዲህ አይነሣም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሲያወርዷቸው ቆሜ አይቻለሁ።» ዓይናቸውን ከወንዙ አልነቀሉም። «ለእሱ ግን ማን ይነግረዋል? እዚህ ድረስ መጥቶ ተዘግቶ ካገኘው፣ አባቴ አሁንም አልማረኝም ብሎ ይመለሳል።»

ከታች በኩል ሌላ ጥሩምባ ተሰማ። ሽማግሌው እጃቸውን መልሰው ዘረጉ፤ ሞተረኞቹም ዞረዋቸው አለፉ።