ሳይሰሙት የፈረዱበት

የናፍጣ ጢስ ሲሸተኝ ዛሬም የያዝሁትን ትቼ ከቤት እወጣለሁ። ትናንት የጎረቤታችን ጀነሬተር ሲነሣ ልጄ "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

ያኔ በሱዳን ድንበር፣ ኮኪት ከተማ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። እሑድ ከሰዓት መስኮቱን በብርድ ልብስ ይጋርዱና የሰሊጥ አራሚውን ሁሉ ያጉሩበታል፤ ቤቱ ላብ፣ እርጥብ ጭቃና የጀነሬተሩ ናፍጣ ይሸታል። ባለቤቱ ሱዳን በስደት ሳለ እንግሊዝኛ ለምዶ ስለነበር ፊልሙን ቆሞ ይተረጉማል። አንድ አመል ነበረው። የወንጀል ፊልም ከሆነ፣ ፍርዱ ሊነገር ሲል ካሴቱን ያቆምና "እናንተስ ምን ትፈርዳላችሁ?" ይላል። ሕዝቡ ይህን ይወዳል። ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲያርም የሰነበተ ሰው፣ አንድ ቀን ዳኛ መሆንን ለምን ይጠላል?

የዚያን ቀኑ ፊልም ጥቁርና ነጭ፣ ሲኒማ ገና አፉን በፈታበት ዘመን የተሠራ ነበር። የገዳዩ ፊት አይታይም፤ የእንጨት እግሩ ደረጃውን ሲወጣ ብቻ ይሰማል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እንኳ ያን እግር ለመስማት ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። በመጨረሻ ተይዞ ችሎት ቆመ። "አንድ ጊዜ ስሙኝ" ሲል ካሴቱ ቆመ።

"ይሰቀል" አለ ቤቱ በሙሉ። ከጎኔ የተቀመጠው አባቴም ጭምር።

ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። ከጎጃም ወርዶ ሦስት ክረምት እኛ እርሻ ላይ የሠራ ነው። ሽማግሌ ልኮብኝ፣ አባቴም እሺ ብሎት፣ የሠርጉን ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር የቀረን። እወደው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

"ሳይናገር? እስቲ ይናገር እንጅ" አለ።

"አንተን ምን ቆረቆረህ?" አለው ከፊት የተቀመጠ አንዱ እየሳቀ። "ወይስ አንተም ደም አለብህ?"

እኛ ቆላ፣ ደጋውን ጥሎ የመጣ ሰው ለምን መጣህ አይባልም። የገዛ አያቴ እንኳ ለምን እንደወረደ ተነግሮን አያውቅም። ያን ቀን ግን እሱ ተጠየቀ። አዎም፣ የለብኝምም ሳይል ወደ ዝናቡ ወጣ።

ልከተለው ስነሣ አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

"አባባ፣ እርስዎ እንኳ ይስሙት" አልሁ።

"ንጹሕ ቢሆን አፉ ለምን ተሳሰረ? ለነፍሰ ገዳይ ልጅ አልሰጥም። ተቀመጭ።"

ተቀመጥሁ።

ካሴቱ ቀጠለ። የእንጨት እግሩ ሰውየ ስለ ሞተችበት ልጁ ተናገረ፤ ተርጓሚው ራሱ ድምፁ ተቆራረጠ። ይሰቀል ያሉት ሁሉ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። አባቴም አለቀሰ። ዳኛው ሲምረው ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን ሁሉንም ጠላኋቸው።

እርሻው ስንደርስ ልብሱን ይዞ ሄዷል፤ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በጭነት መኪና ተሳፈረ አሉን።

ከዚያ በኋላ አግብቼ ወልጃለሁ፤ አባቴም አርፏል። ያ ሰው ማንን እንደገደለ፣ መግደሉንም ቢሆን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቢነግረኝ ኖሮ፣ ገድያለሁ ቢለኝም እንኳ፣ አገባው ነበር።