አባቴ የጀመረው ሳንቃ

ትናንት ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ የጎረቤቴ የጌታነህ የሞተር መጋዝ ከአጥር ማዶ ተነሣ። ጥቂት ጮኸና ድምፁ ቀጠነ፤ ተንተባተበ፤ ዝም አለ። እንደገና ተነሣ፣ እንደገና ዝም አለ። ዓይኔ ሰውን ከጉቶ መለየት ካቆመ ሰንብቷል፤ ጆሮዬ ግን የሞተርን ሕመም አሁንም ይለያል። ጌታነህ መጋዙን በባጃጅ ጭኖ ከተማ ሊወስደው ሲል አንገቴን በአጥሩ ላይ አውጥቼ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ስስ ጎማ ተቀድዳለች አልኩት።

"አባባ፣ ሳያዩት እንዴት አወቁ?" ብሎ ሳቀ።

እንዴት እንዳወቅሁ ቆሜ ብተርክለት የዚያን ቀን ሥራውን ማስፈታቴ ነው። ስለዚህ እዚህ ላስጽፈው፣ ሲመቸው ያንብበው።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ነበሩ። ዛሬ እንጅባራ የምንላትን ከተማ ያኔ ሰው ሁሉ ቆሰበር ነበር የሚላት። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የሐጂ ሁሴን የናፍጣ ወፍጮ ላይ እሠራለሁ። ሐጂ ሁሴን ከጨው እስከ ሚስማር የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። አባቴ ደግሞ መጋዝ ሳቢ ነበር። ግንዱን ከፍ ካለ ቆጥ ላይ ያሳርፉታል፤ እሱ ከላይ ይቆማል፣ አጎቴ ከሥር ይገባል፤ በከሰል በጠቆረ ገመድ የተሰመረውን መስመር ይዘው ቀኑን ሙሉ አንዱ ሲስብ አንዱ ይለቃል። መጋዝ ሳቢ ሁለት ሰው ነው፣ ትንፋሹ ግን አንድ ነው ይል ነበር አባቴ። የእኔን ሥራ ከሥራ አይቆጥረውም። "ድምፁ ብዙ፣ ላቡ ትንሽ" ይለው ነበር።

በዚያ ዓመት በዘንገና ሐይቅ በኩል ያለችው የደብራችን የሣር ክዳን አርጅቶ ፈረሰ። ምእመኑ ቆርቆሮ ገዛ፣ ትላልቅ ዝግባዎች ተቆረጡ፣ ታቦቱም መቃኞ በምትባለው ጊዜያዊ ጎጆ ውስጥ ገባ። አባቴ በጥር በዓል ላይ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ወራጁንና ሳንቃውን ሁሉ ለዳግማይ ትንሣኤ አደርሳለሁ ብሎ ቃል ሰጠ። የእኛን አገር ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግንቦትን አይጠብቅም። ከዚያ ቀን ካለፈ መቃኞዋ አትችለውም።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አባቴ ከቆጡ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያውን ሳንቃ ገና አጋምሶት ነበር። ወጌሻው የቀኝ ትከሻውን በቀርከሃ ፍላጭ አስሮ፣ እስከ ክረምት መጋዝ እንዳይነካ አዘዘው። እኔ በሱ ቦታ ወጥቼ ከአጎቴ ጋር በተዋስነው መጋዝ ሞከርኩ። መስመሩን ሳትኩ፣ አንድ ደህና ግንድ አበላሸሁ፣ አጎቴም ከሥር ሆኖ ዓይኑ በሰጋቱራ እንደ ተሞላ ሰደበኝ። ሌላ ሳቢ ይፈለግ፣ ቀኑም ይራዘም ያሉ ነበሩ። አባቴ አልሰማም።

"ቃል የሰጠው አፌ ነው፤ የተሰበረው ትከሻዬ ነው" አለ። "አፌ አልተሰበረም።"

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር።

መንገድ ሲሠራ የነበረው ድርጅት ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ዳንግላ ሲሻገር ሐጂ ሁሴን ውዳቂ ብረቱን ገዝተውት ነበር። ከበርሜሉና ከአካፋው መካከል አንድ የሞተር መጋዝ ነበረ፤ አልነሣ ብሎ የተጣለ። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ዶሮ ስትሰፍርበት ከርሟል። እሱን ስጡኝ አልኳቸው። ጢማቸውን እያሹ፣ "ከተነሣልህ መጀመሪያ ለደብራችሁ ቁረጥበት፤ ካልተነሣ ለበር መደገፊያ መልስልኝ" አሉኝ።

ቤታችን ውስጥ የከብት ቆዳ አንጥፌ ብሎን በብሎን ፈታሁት። እናቴ የድንች ወጡ ቤንዚን ቤንዚን አለ እያለች አማረረች፤ እውነቷን ነበር። ካንዴላውን ጠረግሁ፣ የቤንዚኑን መንገድ በላባ አጸዳሁ፣ አሁንም አልነሣም። በመጨረሻ ካርቡራተሩን ስከፍት አንዲት ስስ ጎማ አገኘሁ፤ ከፈረስ ኮቴ የማትሰፋ፣ መሐሏ የተቀደደ። ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር እየተርገበገበች ቤንዚኑን የምትስብለት እሷ ነበረች። በብስክሌት የውስጥ ጎማ ተካሁላት፤ ወፍራም ሆነ፣ ቤንዚን ሲነካውም አበጠ። በሰም የተነከረ ጨርቅ ሞከርኩ፤ አንዴ አስነጥሶ ዝም አለ። ስስ የሆነ፣ አየር የሚይዝ፣ ቤንዚን የማይፈራ ነገር ከየት ይመጣል?

መልሱ የመጣው ከልጅነቴ ነው። በፋሲካ በግ ሲታረድ ፊኛውን ነፍተን ኳስ እናደርገው ነበር፤ ስስ ነው፣ ቶሎም አይፈነዳም። ግን ሁዳዴ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቢላዋ የነካው በግ የለም። በግ የሚታረደው እስላም ቤት ብቻ ነው። ያን ሰሞን ሐጂ ሁሴን የልጅ ልጅ ተወልዶላቸው አርደው ነበር። ሄጄ ፊኛውን ስለምናቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አስጠቅልለውም ሰጡኝ።

በአመድ አጠብኩት፣ ነፍቼ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፣ በምላጭ ቆርጬ ቀዳዳዎቹን በመርፌ አወጣሁ። ቤንዚኑን ከዘይት ደባልቄ ገመዱን ስስብ፣ በሦስተኛው ተነሣ። ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። አባቴ የታሰረ ትከሻውን ይዞ ከቤት ወጣ፤ ምን አድርጌ እንዳስነሣሁት ጠየቀኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም።

ፊቱ ጠቆረ። በጾም፣ ከእስላም ቢላዋ የመጣ የበግ ፊኛ፣ ለታቦት ማደሪያ እንጨት። ሲናደድ አማርኛውን ትቶ ወደ አዊኛው ይገባል፤ ያን ቀንም ገባ። ቄሰ ገበዙ ሳይጠየቁ ይህ ነገር የደብሩን ቅጥር አይረግጥም አለ። በማግስቱ እሱ በፈረስ፣ እኔ መጋዙን ተሸክሜ በእግር፣ በዘንገና ጭጋግ ውስጥ ሄድን። ያ ሁሉ ልፋቴ በአንድ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ቄሰ ገበዙ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁ፣ ሳቃቸው የማይታይ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ ነገሩን እንደ ንስሐ ዘርዝሮ ነገራቸው። እሳቸው መቃኞዋን ተመለከቱ፣ ቀጥለውም ሰማዩን።

"የማኅሌቱን ከበሮ ቆዳ ከገበያ ስንገዛ፣ ማን ያረደው በሬ ነው ብለን ጠይቀን እናውቃለን?" አሉ። "መጋዙ ይብላው። አንተ እንዳትበላው እንጂ።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ። እኔ ግን ደስታዬ ዕድሜው አጭር ነበር። ሰው ተሰብስቦ እያየ የመጀመሪያውን ግንድ ብነካው መጋዙ ጮኸ፣ ጨሰ፣ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ አሳረረው። በአንድ ጎን ያለው ሰው መሳቅ ጀመረ። አባቴ ቀስ ብሎ መጣ፤ ከግንዱ ሥር ሰጋቱራውን በግራ እጁ አፍሶ በጣቶቹ አሸው።

"ይኼ ዱቄት ነው" አለኝ። "ጥርሱ እንጨት ለማቋረጥ የተሞረደ ነው። በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ሌላ ጥርስ ነው የሚፈልገው። ሞረዴን አምጣ።"

ከጥላው ተቀመጠ። እኔ ሰንሰለቱን ያዝኩለት፣ እሱ በግራ እጁ እያንዳንዷን ጥርስ እንደ ራሱ መጋዝ ቀጥ አድርጎ ሞረዳት። እጁ ሲዝል ያርፋል፤ ሞረዱን ስጠኝ ብለው ግን አይሰጠኝም። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተቀመጥን። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ያን ያህል ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። ከዚያ፣ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ የራሱ መጋዝ በውስጡ ተነክሶ የቀረበትን ያን ግንድ አስመጣ፤ የሞተሩ መጋዝ መስመር እንዳይስትም ቀጥ ያለ ጣውላ በላዩ ላይ አስቸነከረኝ።

"ከዚህ ጀምር" አለኝ። "እኔ ካቆምሁበት።"

ገመዱን ሳብሁ። ከሰዓት በኋላ የመጡት ሰዎች ዛፍ ሥር ያሰሯቸው ፈረሶች ልጓማቸውን በጥሰው በየአቅጣጫው ፈረጠጡ፤ ጌቶቻቸውም ተከተሏቸው፤ ሲስቁ የነበሩትም አብረው ሮጡ። እኔ ቀና ብዬ አላየሁም። መጋዙ ዝግባውን በርዝመቱ እየሰነጠቀ ሄደ፤ የሚወጣውም ዱቄት ሳይሆን እንደ ተከተፈ ጎመን ረዘም ረዘም ያለ ፍቅፋቂ ነበር። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሳንቃው ተላቆ ሲወድቅ ሴቶቹ እልል አሉ።

ለዳግማይ ትንሣኤ የተባለው ሥራ ለሆሣዕና አለቀ። ፊኛዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተለወጠች፤ ሁለተኛይቱንም የሰጡኝ ሐጂ ሁሴን ናቸው። በዳግማይ ትንሣኤ፣ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ፣ አባቴ በጥር የቆመበት ቦታ ላይ ተነሥቶ ቆመና "ቃሌን ልጄ ሞልቶልኛል" አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔ ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚባልበት ዕድሜ ላይ ሆኜ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ሳላፍር አለቀስሁ።

ጌታነህ ትናንት ማታ መለዋወጫውን ይዞ ተመልሶ፣ የተቀደደችውን ጎማ በመዳፌ አስቀመጠልኝ። ድምፁ ውስጥ የጠዋቱ ሳቅ አልነበረም። ዛሬ እሑድ ነውና ደብር ሄጄ ነበር። የደብሩ ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፣ የወንዶች መግቢያው በር ግን ያኔ የተሠራው ነው። አባቴ ያችን የመጀመሪያ ሳንቃ ሳትላግ፣ ከነሻካራነቷ ከበሩ ላይ እንድትውል ለምኖ ነበር። ከላይ እስከ መሐሏ የእጅ መጋዝ ጥርስ ያሰመራቸው ደቃቅ መስመሮች አሉ፤ ከመሐሏ ወደ ታች የሞተሩ ናቸው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በእኔ ቁመት ልክ ነው። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ አላየውም፤ በሩን ስሳለም ግን ግንባሬ ራሱ ያገኘዋል።