ለእትዬ ዳርሊን ያልከፈልኩት ፉከራ

ያን ቀን የሠራሁት ቂልነት ባጭሩ ይህ ነው፤ አንድ ጥይት እንኳ ባልተኮስኩበት ጠመንጃ ፎከርኩ። የእኛ ሚሊኒየም በተከበረ በዓመቱ መሆኑ ነው፣ እዚህ ዳላስ አካባቢ፣ ፕሌኖ ባለው ቤቴ። እንዳልረሳው ቀኝ ቅንድቤ ላይ ማኅተም ተመትቶብኛል። ጢሜን በተላጨሁ ቁጥር ከመስታወቱ ውስጥ ይስቅብኛል።

ጠመንጃዋን የገዛኋት በወዳጄ በተስፋዬ ምክንያት ነው። ተስፋዬ ዕድሜውን ሙሉ ትራክ ነድቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ከማኪኒ ከተማ አለፍ ብሎ መሬት ገዛና ፍየል ማርባት ጀመረ። ለበዓል ከእሱ ያልገዛ ሐበሻ የለም። በዚያ ዓመት ግን የዱር አሳማ ለመደበት። አጥሩን ከሥር እየፈነቀሉ ይገቡና ገና የተወለዱትን ግልገሎች ይበሉበታል።

"ጋሼ፣ በዚህ ከቀጠለ መሬቱን ሸጬ ወደ ትራኬ እመለሳለሁ" አለኝ። ይህን ሲል ዓይን ዓይኔን አላየኝም።

"እኔ እያለሁ?" አልኩት። እኔ ማን ነኝና? ኤርፖርት ፓርኪንግ ቲኬት ስቆርጥ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቃል ግን ወጣ።

ሱቁ ውስጥ ብዙ ጠመንጃ ተደርድሮ ነበር፤ ዓይኔ አንዷ ላይ ቀረ። ወፍራም አፈሙዝ፣ የሚያብረቀርቅ የእንጨት ሰደፍ፣ ከቃታዋ ሥር ደግሞ የብረት እጀታ። እጀታዋን ወደ ታች ገፍተው ሲመልሷት ቀለሁን ትተፋና ሌላ ትጎርሳለች፤ ድምፅዋ እንደ ጥሩ ቁልፍ ነው። ጥይቷ አውራ ጣቴን ታክላለች። ሻጩ "ይቺ ድብ ትጥላለች" አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እሱ ይህን ሲል እኔ አሳማውንም ተስፋዬንም ረስቼ ነበር። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም።

ማነጣጠሪያ መነጽር ገዝቼ ራሴ ገጠምኩላት። ከዓይን ራቅ ተደርጎ እንደሚታሰር መመሪያው ላይ ተጽፏል። እኔ ግን የዓይን መነጽሬን ማድረግ አልወድም፤ ሽማግሌ ያስመስለኛል። ሶ፣ ጥርት ብሎ እስኪታየኝ ድረስ ወደ ዓይኔ ሳብኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቼ ሊያዩዋት መጡ። ጥይት የሌላትን ጠመንጃ አንስቼ ምንጣፉ ላይ እየተንጎራደድኩ "አካኪ ዘራፍ!" አልኩ። ልጄ ከኩሽና ሮጣ መጥታ "አባዬ፣ ኦኬ ነህ?" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ ተስፋዬ ብቻ አልሳቀም።

"ጋሼ፣ የሚፎከረው ከተገደለ በኋላ አልነበረም እንዴ?"

"ይሄ ቀብዱ ነው" አልኩት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተኩስ መለማመጃው ሄድኩ። ከጎኔ ያለው መተኮሻ ላይ በእኔ ዕድሜ ያለች ነጭ ሴት ተቀምጣለች፤ በኋላ ስሟ ዳርሊን እንደሆነ ነገረችኝ። ጆሮዋ ላይ ሮዝ የድምፅ መከላከያ፣ እጇ ላይ የእኔ ዓይነት ጠመንጃ። የወረቀት ኢላማዋን ልቡ ላይ ደጋግማ ትበሳዋለች። እኔም ላለማነስ ተጠግቼ ተቀመጥኩ፣ በጥርሴ መሐል "ዘራፍ" አልኩና ቃታውን ሳብኩ።

የተኮስኩት እኔ፣ የተመታሁትም እኔ። ጠመንጃዋ ወደ ኋላ ስትረግጥ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቤን ሰነጠቀው።

ሴትዮዋ ተኩሱን አስቁማ ንጹህ ጨርቅ ይዛ መጣች። "ሀኒ፣ ወረቀቱ ምንም አልሆነም፤ አንተስ?" አለችኝ። ደሜን እየጠረገች ጠመንጃዬን አየቻት።

"ማነው ይህን እንዲህ አስጠግቶ የገጠመልህ?"

"አንድ ሞኝ።"

"ታውቀዋለህ?"

"ከልጅነቱ ጀምሮ።"

ሳቋን ለቀቀችው። መነጽሩን ፈትታ ጣለችና ከሣጥኗ ትንሽ የብረት ቀለበት አወጣች። የሟች ባሏ ማነጣጠሪያ ነበረች። በቀለበቷ ውስጥ አሾልከህ የአፈሙዙን ጫፍ ታያለህ፣ በቃ። ራሷ ገጠመችልኝና "አሁን የዓይን መነጽርህን አድርግ" አለችኝ።

"ሽማግሌ ያስመስለኛል።"

"ደሙስ ምን ያስመስልሃል?"

አደረግኩ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አጥብቃ አስደገፈችኝ፣ ትንፋሼን አስያዘችኝ፣ የራሷን ልምምድ ትታ እስኪመሽ አብራኝ ዋለች። መጨረሻ ላይ ጥይቶቼ ወረቀቱ መሐል ተሰበሰቡ። ዋጋዋን ብጠይቃት እምቢ አለች።

"ይልቅ ቅድም ያጉረመረምካት ነገር ምንድን ናት?"

አሳማ ላድን እንደምሄድና በአገራችን ትልቅ አውሬ የጣለ ሰው እንደሚፎክር ነገርኳት።

"በል እንግዲያው፣ ገድለህ ስትመጣ እዚሁ ፎክርልኝ። የቀለበቷ ዋጋ እሱ ነው።" እጅ ተመታተን ተስማማን።

በሳምንቱ እኔና ተስፋዬ አጥሩ አጠገብ በቆመችው ፒካፑ ጀርባ ላይ ሆነን ጠበቅን። ጀንበር ልትገባ ስትል አሳማዎቹ ከጢሻው ወጡ። ከፊት የሚመራው ጥጃ ያክላል፤ አፍንጫውን አጥሩ ሥር ሰክቶ መቆፈር ጀመረ። ከውስጥ እናት ፍየሎች ጮኹ፣ ተስፋዬ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። በዳርሊን ቀለበት ውስጥ አሾልኬ አየሁት፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ተኮስኩ። ባለበት ቀረ፤ ሌሎቹ ተበተኑ።

ተስፋዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እኔ ግን ዕዳዬ ትዝ አለኝና ለመለማመድ ያህል ተነሥቼ ጠመንጃዬን ከፍ አደረግኩ። "አካኪ..." ከማለቴ አፌን በመዳፉ ያዘኝ።

"ጋሼ፣ ይተዉ በማርያም! በእሪያ ይፎከራል? አንበሳ አይደል፣ ጎሽ አይደል። ከርከሮ እንኳ አይደለም፤ ከሰው ቤት የሸፈተ አሳማ ነው! ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?"

ልክ ነው። ጠመንጃዬን አወረድኩ።

ከዚያ በኋላም እየተመላለስን ጠበቅን፤ አሳማዎቹ ሌላ ሰፈር ፈለጉ። ተስፋዬ መሬቱን አልሸጠም፤ ግልገሎቹ አድገው ወልደዋል። ያቺ ቀለበት እስካሁን ጠመንጃዬ ላይ ናት፣ እኔም ጠባሳዬን ወድጄዋለሁ። ከእትዬ ዳርሊን ጋር ያስተዋወቀኝ እሱ ነውና።

እሷ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ገና ከሩቅ ስታየኝ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ "ዛራፍ?" ትለኛለች። "በሚቀጥለው ሳምንት" እላታለሁ። ጋራዥ ገብቼ በሬን ዘግቼ እለማመዳለሁ። ዘራፉ ያምርልኛል፤ "ገዳይ" ከማለቴ በፊት የሚገባው የአውሬው ስም ላይ ስደርስ ግን ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት ፉከራ አለብኝ።