ያነሳሁት ከዘራ

አባቴን ለዓይናቸው ሞራ ወልድያ ሆስፒታል የወሰድኋቸው ቀን ከመርሳ የተነሳነው በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው። የዓይን ሐኪሙ ከሌላ ከተማ ለጥቂት ቀን የመጣ ነበር፤ ያ ቀን ደግሞ ኦፕራሲዮን የሚደረጉትን መርምሮ የሚመዘግብበት የመጨረሻው ነው። የተመዘገበ ቀን ተቆርጦለት ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ኦፕራሲዮን ይደረጋል፤ ያልተመዘገበ ሐኪሙ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። አባቴ መርሳ አጠገብ፣ ግራና ቀበሌ ባለው ማሳቸው ጤፉን ከአረሙ መለየት አቅቷቸዋል። እኔንም የሚያውቁኝ በድምፄ ነው።

በዓይን ክፍሉ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። ከዘራ፣ ጃንጥላ፣ ዘንቢል፣ አንድ ነጠላ ጫማ በተርታ ተጋድመዋል፤ ባለቤቶቻቸው ዛፍ ሥር ይጫወታሉ። እኔም የአባቴን ከዘራ ሰባተኛ ላይ አጋደምሁ።

ሁለት ሰዓት ይከፈታል የተባለው በር አራት ሰዓትም አልተከፈተም። "ካርድ አልመጣም፤ ሲስተም የለም" አሉን። ሲስተሙ ሲመጣ ካርድ አውጪዋ ስብሰባ ገባች። ኧረ የአላህ ያለህ! እኔ እንደሁ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ሱቄ ውስጥ እንኳ ሦስቴ ዋጋ የጠየቀኝን አባርራለሁ። ደሜ ፈላ። ከዘራውን ብድግ አድርጌ ወደ ዘበኛው ሄድሁና እሱኑ ከዘራ እያወዛወዝሁ የልቤን ተናገርሁ።

"እኔ በር ነው የምጠብቀው፣ እህቴ" አለኝ። እውነቱን ነው።

ስመለስ ቦታችን የለም። ዘንቢሉም ጫማውም ወደፊት ተጠግተዋል።

"አነሳሽው እኮ" አሉኝ ከወልድያ በላይ ካለው ደጋ የመጡ ሽማግሌ። "ያነሳ ሄደ ማለት ነው።"

ሕጉ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ወፍጮ ቤትም ቧንቧም በዕቃ ተራ ይዤ ነው ያደግሁት። ንዴት አስረሳኝ። ግን ጥፋቴን መዋጥ አቃተኝና "ጨካኞች!" አልኋቸው። ቦታችንን በዘንቢሏ የያዘችውን፣ ከውርጌሳ የመጣችውን ሴትዮ ደግሞ "የታወረው ዓይንሽ ሳይሆን ልብሽ ነው!" አልኋት።

አባቴ አፈሩ። "አንቺ ልጅ፣ ተይ! ሂጂ መጨረሻ ላይ አጋድሚው።"

አጋደምሁት። ከፊታችን ሃያ ምናምን ሰው ሆነ።

በሩ ከተከፈተ በኋላስ ሥራው ፈጥኖ ነበር። የእኛ ተራ ሲደርስ ግን ሐኪሙ ጋዋኑን አውልቆ ወጣ። "ዛሬ በቃ፤ መንገደኛ ነኝ" አለ። እኔ፣ ምላሴ የማይታሰረው ሴት፣ እንባዬ ቀደመኝ።

ለካ ሰዎቹ አልሄዱም። ተመርምረው የጨረሱት ሁሉ፣ መኪና እያመለጣቸው፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሽማግሌው ተነሱ። "ዶክተር፣ አንድ ሰው ይቀረናል። እሳቸው ሳይገቡ አንሄድም።" የውርጌሳዋ ሴትዮ የአባቴን ክንድ ይዛ ሐኪሙ ፊት አቆመቻቸው። ሐኪሙ ሰዉን አየት አደረገና ሳቀ፤ ጋዋኑንም መልሶ ለበሰ።

አባቴ "ተመዘገብሁ፣ አልሃምዱሊላህ!" እያሉ ሲወጡ እልል ያለችው ያችው ሴትዮ ናት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ድፍረቱን ሳጣ፣ "አንቺስ መቼ ነይ አሉሽ?" አልኋት።

"የኔ ዓይንስ አይመለስም አሉኝ" አለች፣ የቋጠረችውን የሽንብራ ቆሎ እየፈታች። "አብሽሪ፣ አንዱ ይበቃኛል። አባትሽ እንኳን ተመዘገቡ።" መጀመሪያ ለአባቴ፣ ቀጥላ ለእኔ ዘገነችልን።