በሞረድ የማይገባ ሜሞሪ

ሱቄን የከፈትኩ ዕለት የመጀመሪያው ደንበኛ «ራም አለህ?» አለኝ። ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው። መደርደሪያዬ ላይ የነበረው የሬዲዮ ባትሪ፣ ጥቂት ፍሎፒ ዲስክና ሁለት ማውስ ነው። ራም ምን እንደሆነ አላውቅም። ግን ከዚያ በፊት የኖርኩት በርበሬ ስነግድ ነውና ነጋዴ «የለም» እንደማይል አውቃለሁ።

«እየመጣ ነው» አልኩት።

«የትኛው ነው የሚመጣው?»

«አንተ የምትፈልገው።»

ሰውየው የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ስቆ ሄደ። እኔም ሱቁን ቆልፌ ስለ ራም የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ከተማዋን ስዞር ዋልኩ።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው። ፍርድ ቤቱም ወረዳውም ታይፕራይተሩን መጋዘን እየከተተ ኮምፒዩተር የሚያስገባበት ጊዜ ነበር። አዲስ ሲመጣ ያረጀው ወደ ግል ጽሕፈት ቤቶች ይወርዳል። እኔ የተጠጋሁት ያረጀውን ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ያረጀ ግን እንዳረጀ በቅሎ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ሥራውን የተማርኩት ክዳን በመፍታት ነው። በርበሬ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ አይቶ አይገዛም፤ እጁን እስከ ክርኑ ይሰዳል፤ እርጥቡ ያለው መሃል ላይ ነው። ኮምፒዩተርም ያው ነው፤ ፊቱ ላይ የተለጠፈው ሌላ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሌላ። ራም የሚሉት ሜሞሪ ማለት ቀጠን ያለች ሰሌዳ ናት፤ በአንዱ ጠርዟ ወርቃማ ጥርሶች ተደርድረዋል። ጥርሶቹ መካከል ፍንጭት አለ፤ የድሮው ዓይነት ሁለት ፍንጭት፣ ከሱ በኋላ የመጣው አንድ ፍንጭት። ርዝመታቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ከሩቅ መንታ ይመስላሉ። የሚጠጡት ኤሌክትሪክ ግን እኩል አይደለም። ፍንጭቱ የተሠራውም አንዷ በሌላዋ ቦታ እንዳትገባ ነው።

ከሁሉም የማልረሳው የቡሬዋን የእትዬ ጥሩወርቅን ኮምፒዩተር ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ማመልከቻና ውል የሚጽፉ፣ ጥር ሲገባ ደግሞ የሰርግ ካርድ የሚያትሙ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ጧት ደወሉ።

«ባያብል፣ ጽጌረዳዋን ስከፍታት ይቆማል።»

«የትኛዋን ጽጌረዳ?»

«የካርዱን ነዋ! ጽሑፍ ብቻ ሲሆን ይሠራል። አበባ ልጨምር ስል ድርቅ ይላል። የሙሽራዋ አባት ደግሞ ካርዱን ለገበያ ቀን ነው የሚፈልጉት፤ ከሽንዲም ከቡሬም ዘመድ የሚገናኘው እዚያ ነው።»

ከእሳቸው ቤት መንገዱ ማዶ ሀብታሙ የሚባል ወጣት አዳዲስ ማሽን ይዞ ጽሕፈት ቤት ከፍቷል። ያ ጥር እትዬ ጥሩወርቅን ካመለጣቸው፣ የሚመጣውን ጥር የሚያዩት በሌላ ሥራ ላይ ሆነው ነው። እሳቸው አላሉኝም፤ ድምፃቸው ነገረኝ።

ቡሬ ሄጄ ክዳኑን ፈታሁ። የድሮ ፔንቲየም ነው። አበባዋን ለመሸከም ሜሞሪ አንሶታል። ሁለት የሜሞሪ መሰኪያ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። ያለችዋን ሜሞሪ ለናሙና ልውሰዳት ብል እትዬ ጥሩወርቅ እጄን ያዙኝ። «እሷን ከወሰድክ ማመልከቻውስ በምን ይጻፋል? ሰው ተቀምጧል እኮ!» ስለዚህ ተበላሽቶ የተጣለ ካርድ ጀርባ ላይ አስተኛኋትና ጫማ ሰፊ እግር እንደሚለካ ዙሪያዋን በእርሳስ አሰመርኩ። ፍንጭቶቿን ምልክት አደረግሁ፤ ላይዋ ላይ የተጻፈውን ቀዳሁ፤ ቺፑ በሁለቱም ወገን መሆኑንም ጨመርኩ። ያረጀ ማዘርቦርድ፣ ማለትም ሁሉ ነገር የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ፣ ቺፑ በአንድ ወገን ብቻ የተደረደረ ትልቅ ሜሞሪ ሲሰጡት ግማሹን ብቻ የሚያይበት ጊዜ አለ።

ሥዕሉን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መርካቶ ለማውቀው ነጋዴ ሰደድኩ። ዕቃው ሲመለስ አውቶቡሱ መጀመሪያ እኔ ጋ ያልፋል፤ እኔ ግን ሰዓት እንዳይባክን በቀጥታ ቡሬ እንዲያደርስ አዘዝኩ። ዕቃው የሚደርሰው በገበያው ዋዜማ ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ያነሡት ባላቸው አያ ደሴ ናቸው። አያ ደሴ የወፍጮ መካኒክ ናቸው፤ ከቡሬ እስከ ወምበርማ ያለ ወፍጮ ሁሉ እጃቸውን ያውቃል።

«አያ ደሴ፣ ደረሰ? ገባ?»

«ደርሷል። እየገባ ነው።»

«እየገባ ነው ማለት?»

«ትንሽ ጠብቋል። ፍንጭቱ አንድ ሆነብን። ሁለተኛውን እያወጣሁለት ነው።»

«በምን?»

«በሞረድ ነዋ!»

የመርካቶው ወዳጄ ሥዕሌን አይቶ «አዲሱ ይሻላቸዋል» ብሎ አስቦልኝ ኖሯል። «አያ ደሴ፣ አይንኩት! እንዳያበሩት!» ብዬ ጮኽኩ። ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ ብሞክር ኔትወርክ የለም። በቆሎ በጫነ አይሱዙ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ሹፌሩ ማንኩሳ ላይ ዘመድ አግኝቶ ቆመ፤ የዘመዱን ጤና ጠየቀ፣ የከብቱን ጠየቀ፣ የአዝመራውን ጠየቀ። እኔ ጋቢና ውስጥ መቀመጫው እሾህ ሆነብኝ። የተሞረደ ሜሞሪ ኤሌክትሪክ ካገኘ ማዘርቦርዱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ማዘርቦርዱ ከሄደ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ የለም።

ስደርስ አያ ደሴ ሞረዱን ይዘው ቆመዋል። ሜሞሪው ባዶው መሰኪያ ውስጥ ተሰክቷል። እትዬ ጥሩወርቅ ወንበር ላይ ናቸው፤ የኮምፒዩተሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ከሥራቸው ነው። ተቀምጠውበታል።

«አልነሣም» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ባያብል ሳይመጣ አይበራም ብዬዋለሁ።»

«ገብቷል እኮ! ተመልከት» አሉ አያ ደሴ። «ወፍጮም እንዲህ ነው። መጀመሪያ አልገባም ይላል፤ ትንሽ ስትሞርድለት ይገባል።»

«አያ ደሴ፣ ወፍጮ የማይሆነውን ሲጎርስ ይንጫጫል፤ ያጠፉታል። ይሄ ሳይንጫጫ ነው የሚሞት።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔንስ እስከ ዛሬ ሳትሞርደኝ የቀረኸው እንዴት ብትረሳኝ ነው?» አሏቸው እትዬ ጥሩወርቅ።

«አንቺማ ሞረዱን ጨረስሽው።»

ነቅዬ አየሁት። በጥሩ እጅ የተሞረደ ነው፤ ጥርሶቹ ግን ሄደዋል። መሰኪያው ደህና ነበር። ሌላ ዕቃ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ጊዜ የለም። ፍኖተ ሰላም ያሉኝ ሜሞሪዎች ሁሉ ባለ አንድ ፍንጭት ናቸው። ወዲያ ወዲህ ስል በበሩ በኩል ወደ ማዶ አየሁ። የሀብታሙ ኮፒ ማሽን የተቀመጠው በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ እንደ በርጩማ።

«እትዬ ጥሩ፣ ያ ከሥር ያለው የድሮ ነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ሀብታሙ ከከፈተ ጀምሮ መንገዱን ተሻግረው አያውቁም። አሁን ነጠላቸውን አስተካከሉና ተነሡ፤ ገመዱን ግን ነቅለው በእጃቸው ይዘውት ነው የተሻገሩት። ባላቸውን አላመኗቸውም።

«እትዬ፣ ለስለላ ነው?» አለ ሀብታሙ።

«እሳት ልጭር ነው የመጣሁ፤ ጎረቤት አይደለህ?»

ነገሩን አስረዳሁት፤ ትክክለኛ ሜሞሪ እንደምተካለትም ቃል ገባሁ። በማዶ ጠፍቶ ወደቆመው ኮምፒዩተር አየት አደረገና «የእርስዎ ቤት ከተዘጋ ሰው ባሕር ዳር ነው እንጂ የሚሄደው፣ እኔ ጋ አይመጣም» አለ። «ይውሰዱት። ግን ኮፒ ማሽኔ መሬት አይቀመጥም።»

ቁመቱ የተካከለው የአያ ደሴ የመፍቻ ሣጥን ብቻ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ሞረዱን ከባላቸው እጅ ተቀብለው ሣጥኑ ውስጥ ጨመሩት፤ እኛ ደግሞ ኮፒ ማሽኑን ከላይ ጫንበት።

የአሮጌውን ክዳን ፈታሁ። ሁለት ፍንጭት፣ ቺፑ በሁለቱም ወገን፣ የተጻፈው ፍጥነትም ከእትዬ ጥሩወርቅ ሜሞሪ ጋር አንድ። ጥርሶቹን በላጲስ አሸሁ። ወደ እሳቸው ቤት ተመልሼ ባዶው መሰኪያ ላይ በሁለት አውራ ጣት ስጫነው ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ቀጭ ብለው ራሳቸው ተዘጉ። ገመዱን ሰክተን አበራን። ኮምፒዩተሩ ጡ ጡ ብሎ ጮኸ፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«ሞረድ ሳይፈልግ አይቀርም» አሉ አያ ደሴ።

አጠፋሁ፣ ነቀልኩ፣ መሰኪያውን እፍ ብዬ አቧራውን አወጣሁ፣ መልሼ ሰካሁ። አበራሁ። ቁጥሩን መቁጠር ጀመረ፤ ድሮ ከሚቆምበት አልፎ እጥፍ ላይ ቆመ። እትዬ ጥሩወርቅ ካርዱን ከፈቱ። ጽጌረዳዋ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላ ወረደች።  ማተሚያው መሥራት ሲጀምር እትዬ ጥሩወርቅ «እሰይ» አሉ፤ የወጣውን ካርድ አንሥተው ቀለሙ እስኪደርቅ ያራግቡት ጀመር።

የሙሽራዋ አባት ጧት ካርዳቸውን ተቀብለው ወደ ገበያው ወረዱ። ጽጌረዳዋ በዝታለች አሉ።

ለሀብታሙ አሮጌ ኮምፒዩተር ሜሞሪ እስክተካለት፣ ሣጥኑ ጥር እስኪወጣ ኮፒ ማሽኑ ሥር ቆየ። አያ ደሴ ወፍጮ ሲበላሽ ሀብታሙን እያስፈቀዱ ነበር መፍቻ የሚያወጡት። ሞረዱን ግን እትዬ ጥሩወርቅ እንዳይሰጣቸው አስጠንቅቀውታል።

ለአሮጌ ኮምፒዩተር ሜሞሪ የምትገዛ ሰው፣ ሳትገዛ ክዳኑን ክፈት። ያለውን ነቅለህ ፍንጭቱን እይ፣ ጽሑፉን አንብብ፣ ቺፑ በስንት ወገን እንደሆነ አገላብጥ። ሁለት አውራ ጣት ገፍቶት ካልገባ ዕቃው የሌላ ማሽን ነው፤ መልሰው።