የትሁኔ ስለት

ልጅ ሳለሁ ኮሶዬ ላይ ብርዱ ቀድሞ ይገባ ስለነበር፣ ገና ሳይመሽ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ፍሙን እየቆሰቆሰ ተረቱን ይጀምር ነበር። ሰው ተረት የነገረውን ሽማግሌ በፍቅር ያነሳል፤ እኔ ግን ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ጠምጄ ይዤዋለሁ፤ አንቱ እንኳ አልለውም። ተረቱ ሁሉ ስለት ያጓደለ ሰው ምን እንዳገኘው ነበር። ኩራዟ ጭሷን ስትተፋ እኛ ልጆች በፍርሃት እርስ በርስ እንጣበቅ ነበር።

ያኔ እህቴን ትሁኔን ጉሮሮዋን አመማት፤ ውስጡን ነጭ ነገር ሸፍኖት ምራቋን መዋጥ አቃታት። እናቴ «ልጄን አድንልኝ እንጂ በእግሯ መጥታ ጧፍ ታበራልሃለች» ብላ ለሚካኤል ተሳለች፤ አባቴም በማኪና ጎንደር ሐኪም ቤት አደረሳት። ተሽሏት መብላትና መሳቅ ጀመረች። ያከማት ድሬሰር ግን ሲሸኘን አስጠነቀቀ።

«በሽታው መርዝ አለው። መርዙ በደሟ ሄዶ ልቧን ጎድቶታል። ጉሮሮ ቶሎ ይድናል፣ ልብ ይቆያል። እኔ ተነሺ እስክላት ከመደብ እንዳትወርድ።»

ቤት ስንገባ ይህን የሰማው አያ ደምሴ ሳቀበት።

«ምነው! እንዲህ የምትበላ ልጅ ምን ልቧን ያማታል? ስለቱን ሊያስረሳችሁ ነው እንጂ!»

በዚያው ምሽት ስለቷን ያዘገየች ልጅ ጉሮሮዋ ዳግመኛ እንደተዘጋ ተረተ፤ ዓይኑን ከትሁኔ ላይ አልነቀለም። እህቴ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። እናቴም ፈራች።

በሚካኤል ዕለት ትሁኔ ጧፏን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስትደርስ ከንፈሯ ጠቆረ፤ «እማ፣ ደከመኝ» ብላ ቁጭ አለች። በዚያው ቀረች።

የንስሐ አባታችን ለቅሶ ሲመጡ ነገሩን ሰምተው እናቴን፣ «ምነው ልጄ፣ ስለት እኮ ለከርሞም ይደርሳል» አሏት። እናቴ ፊቷን ነጨች። አያ ደምሴ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ዝም እንዳለ ቢቀር ይሻለው ነበር። ከአርባዋ በኋላ አንድ ምሽት ጎረቤት ቤት ልጆች ሰብስቦ ሲተርት ደረስኩበት።

«ትሁኔ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ስለቷን አዘገየችና...»

ከምድጃው ዳር አመድ አፍሼ ፊቱ ላይ በተንኩበት። ለዚህም አባቴ ገረፈኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም።

አያ ደምሴ ከሞተ ቆየ። ያ ተረቱ ግን እዚያ አገር ዛሬም ይተረታል አሉ፤ የማያውቋት ልጆችም እህቴን ሚካኤልን የበደለች ናት ብለው ይፈሯታል። ትሁኔ አላዘገየችም። ልቧ ሳይድን ያስነሳት እሱ ነው።